ፀሐይ ስትጠልቅ አቻ ከሆኑስ?

ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ሁለት እንጨቶች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። አንዱ የአያቴ የገና ዱላ ነው፤ ጫፉ ቆልመም ያለ፣ ከእጅ ብዛት ጠቁሮ የለሰለሰ ወይራ። ሁለተኛው የክሪኬት መምቻ ነው። በ2007 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ገበያው አጠገብ የነበረ አናጺ ከባሕር ዛፍ ጠርቦ ሠራልን። ልኩን ወረቀት ላይ ስለው የሰጡት የስታቲስቲክስ መምህሬ ነበሩ፤ ርዝመቱ ከ96.5 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ከ10.8 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ። አናጺው ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ለምን የሚሆን ነው?» አለ። መምህሬ የሚያውቋትን አማርኛ ሰብስበው «ገና» አሉት። ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠየቀም፤ መጥረቢያውን አነሣ።

መምህሬ ሕንዳዊ ናቸው፣ ከኬረላ። የኬረላ መምህራን በአገራችን ረጅም ታሪክ አላቸው፤ በጃንሆይ ዘመን የተማሩ አባቶቻችንን ብትጠይቁ አንድ ሁለቱን በስም ያነሡላችኋል። ዶክተር (እኔ እስከ ዛሬ የምጠራቸው እንዲሁ ነው) እሑድ እሑድ ጠዋት አምስት ስድስት ተማሪ ይዘው በሬሳ ወንዝ ዳር ካለው መስክ ይወርዱ ነበር። የቴኒስ ኳስ በናስትሮ ጠቅልለን ክብደት እንሰጣታለን። የክሪኬት መምቻ በደንቡ የሚሠራው ከእንግሊዝ አኻያ ነው፤ የእኛ ወንዝ ዳር አኻያ ዘመድ የሆነ፣ ቀላልና ንዝረት የሚውጥ እንጨት። ባሕር ዛፍ ግን ምንም አይውጥም። ውርጩ ሣሩን ሳይለቅ ኳሷ መምቻውን ስታገኘው ሕመሙ እስከ ክርን ይዘልቃል። ጣቶቼን ብብቴ ውስጥ ወትፌ ቆሜ ነው እንግዲህ ይህን ጨዋታ የወደድኩት።

የዛሬው ጽሑፌ ስለ አንድ ጥያቄ ነው። ከዶክተር ጋር ዐሥር ዓመት ሙሉ፣ መጀመሪያ መስኩ ላይ፣ እሳቸው ጡረታ ወጥተው አገራቸው ከገቡ በኋላ ደግሞ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ስንከራከርበት ኖረናል፦ የቴስት ክሪኬት ሻምፒዮን በምን ይለይ?

ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ልበል። ቴስት የክሪኬት ትልቁና ረጅሙ ዓይነት ነው። አምስት ቀን ይፈጃል፤ በቀን 90 ኦቨር፣ በአንዱ ኦቨር 6 ውርወራ። ሁለቱ ቡድኖች 11፣ 11 ሆነው እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ዙር ይመታሉ፤ ዐሥር መቺ ሲወጣበት የአንዱ ዙር ያልቃል። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ለማሸነፍ ብዙ ረን (መቺው የሚያስቆጥረው ነጥብ) ማስቆጠር አይበቃም። የባላጋራህን የመጨረሻ ዙር ጨርሰህ መዝጋት አለብህ። በ500 ረን እየመራህ ቢሆን እንኳ የመጨረሻው ጥንድ መቺ አምስተኛው ቀን እስኪመሽ ከቆመብህ ውጤቱ አቻ ነው። ተሸንፎ ያለቀ የሚመስል ቡድን መሬቱን ቆንጥጦ፣ አንድ ረን ሳያስብ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ አቻ ይዞ ይወጣል። ይህን አንዴ የተመለከተ ሰው አቻን ባዶ ውጤት ብሎ አይጠራውም።

እንግዲህ ሻምፒዮን መለየት ለምን ከባድ እንደሆነ እዩት። ከጨዋታው ውጤቶች አንዱ፣ ያውም የተከበረው፣ «ማንም አላሸነፈም» የሚል ነው።

ለዚህም ይመስለኛል ያን ያህል ዘመን የቆዩት። የመጀመሪያው ቴስት ሜልበርን ላይ አውስትራሊያና እንግሊዝ የተጫወቱት በ1877 ነው (የክሪኬቱን ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ እጽፋለሁ)። በትክክል ሻምፒዮና የሚባል፣ ሰንጠረዥም ፍጻሜም ያለው ውድድር የተጀመረው በ2019 ነው። በመሐል ሙከራ አልጠፋም። በ1912 ሦስቱን የዘመኑን አገሮች እንግሊዝ ላይ ሰብስበው ዘጠኝ ቴስት አጫወቱ፤ የዚያ ዓመት ክረምት ዝናብ አበላሸው፣ ነገሩም ተረሳ። ከ2001 ጀምሮ ደግሞ በደረጃ ሰንጠረዥ አናት ላይ ለተገኘው አገር ዘንግ ይሰጥ ነበር። ዘንግ የጨበጠ ካፒቴን ፎቶ አምሮ ይታያል፤ ግን ያንን ዘንግ ያገኘበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው አላገኘሁም። የሒሳብ ውጤት ቀን የለውም።

ልጅነቴ መንዝ ነው። ለገና ላይ ቤትና ታች ቤት ተባብለን እንጫወታለን፤ እኛ ላይ ቤት ነን። ሜዳው ወሰን የለው፣ ተጫዋቹ ቁጥር የለው፤ አርሶ አደሩም፣ እረኛውም፣ ባለ ርስቱም ዱላውን ይዞ ሩሯን ያሳድዳል። «በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም» የሚባለውም ለዚህ ነው፤ የዚያን ቀን ማንም የማንንም ቁርጭምጭሚት ቢመታ ቂም የለም። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ የነበረውን ገና ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ቀኑን ሙሉ ስንገፋቸው ዋልን። ሩሯ የአጎቴ ልጅ ዱላ ላይ ነበረች፤ ወደ ግባቸው የቀረን እርምጃ በጣት የሚቆጠር ነው። ፀሐይ ጠለቀች። ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ።

እኛ ጮኽን። «ቀርበን ነበር! እኛ ነን!» ሽማግሌው ጋቢያቸውን አጣፉና እንዲህ አሉ፦ «አምና የበላው ታች ቤት ነው። ላይ ቤት ሊነጥቅ መጣ። አልነጠቀም።» ወደ ቤት ስገባ እያለቀስኩ ነበር። ታች ቤቶች «አሲና በል» እያሉ በደጃችን አለፉ። እንዲህ ያለ ግፍ የለም ብዬ ብዙ ዓመት ኖርኩ።

ዶክተር በሬሳ ዳር ሆነው ስለ ክሪኬት አቻ ሲያስረዱኝ ይህን ነገርኳቸው። የመጀመሪያው ክርክራችን ከዚያ ተነሣ። እሳቸው ሽማግሌው ተሳስተዋል ባይ ናቸው፤ ሁለቱም ይካፈሉ ነበር ይላሉ። እኔም ያኔ ከእሳቸው ጋር ነበርኩ።

ወደ 2019 ልመለስ። አዲሱ ሻምፒዮና ዘጠኝ አገሮችን ይዞ ተነሣ። እያንዳንዱ አገር በሁለት ዓመት ውስጥ ከስድስት አገሮች ጋር ተከታታይ ግጥሚያ ይጫወታል፤ ሦስቱን በሜዳው፣ ሦስቱን ከሜዳው ውጭ። የላይኞቹ ሁለቱ ለፍጻሜ ይቀርባሉ። ሲሰሙት ደስ ይላል። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝና ሰንጠረዡን ከፍቼ ስመለከት ግን ራሴን ያዝኩ። አንድ ተከታታይ ግጥሚያ ሁለት ቴስትም ሊሆን ይችላል፣ አምስትም። መጀመሪያ ላይ ለእያንዳንዱ 120 ነጥብ መደቡለት። ስለዚህ በሁለት ቴስት ግጥሚያ አንዱን ማሸነፍ 60 ነጥብ ሲያስገኝ፣ በአምስት ቴስት ግጥሚያ ያው ድል 24 ነጥብ ብቻ ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ እንኳ «ቲቸር፣ ይሄ ልክ አይደለም» ይላሉ። በ2020 ኮሮና ብዙ ጨዋታ ሲያሰርዝ በመቶኛ ወደ መቁጠር ተዛወሩ፤ ቀጥሎም ድል 12፣ አቻ 4 ነጥብ እንዲሆን አደረጉ።

መቶኛው አንዱን ጉድለት ደፈነ፤ ሌላውን ግን ሸፈነ። ከ2023 እስከ 2025 በነበረው ዙር ደቡብ አፍሪካ 12 ቴስት ተጫውታ በ69.44 በመቶ አንደኛ ሆነች። እንግሊዝ በዚያው ዙር 22 ቴስት ተጫውታለች። ደቡብ አፍሪካ ከእንግሊዝም ሆነ ከአውስትራሊያ ጋር እስከ ፍጻሜው ድረስ አንድም አልገጠመችም። ጥፋቱ የደቡብ አፍሪካ አይደለም፤ የደረሳትን ተጫወተች፣ አሸነፈችም። ግን አንዱ ገበሬ ሁለት ጥማድ፣ ሌላው አንድ ጥማድ አርሶ ምርታቸው በመቶኛ ሲወዳደር ትክክል ነው የሚል የመንዝ ሰው አላውቅም። ሕንድና ፓኪስታን ደግሞ ከ2007 ወዲህ በቴስት ተያይተው አያውቁም። ሰንጠረዡ ላይ ሁለቱም ተጽፈዋል፤ በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ ግን የትም አልተጻፈም።

በዚህ ላይ ቅጣቱ አለ። በታኅሣሥ 2020 አውስትራሊያ ሜልበርን ላይ ሕንድን ስትገጥም ሁለት ኦቨር ዘገየችና 4 ነጥብ ተቀነሰባት። ዙሩ ሲዘጋ ኒውዚላንድ 70.0፣ አውስትራሊያ 69.2 በመቶ ሆኑ። እነዚያ አራት ነጥቦች ባይቀነሱ መቶኛቸው እኩል ይሆን ነበር። ኒውዚላንድ ለፍጻሜ አለፈች፣ በ2021 ሳውዝሃምፕተን ላይም ሕንድን በ8 ዊኬት (ማለትም ገና 8 መቺ ሳይወጣባት) አሸንፋ የመጀመሪያዋ ሻምፒዮን ሆነች። ሁለት ኦቨር ማለት 12 ውርወራ ነው። ሰዓት ማክበርን አልነቅፍም፤ ሜዳ ላይ የሚንቀረፈፍ ቡድን ተመልካች ይገድላል። ግን የሁለት ዓመት ሥራ ሚዛን በዚያ መዘንበሉ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ዶክተር ይህን ሁሉ ሰምተው «ታዲያ ፍጻሜው ለዚህ አይደል?» ይሉኛል። ሰንጠረዡ ቢያጋድልም ፍጻሜው ያቃናዋል ነው ነገሩ። እኔም የፍጻሜ ጠላት አይደለሁም። በሲድኒ ኃይሌና ቴርጋት በመጨረሻው መስመር ላይ ሲተናነቁ፣ በመካከላቸው የነበረችውን ዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ያየ ኢትዮጵያዊ የአንድ ቀን ውድድርን ኃይል ያውቃል። ሩጫ ግን ሁሌም አንድ ሰው ቀድሞ ይገባል። ቴስት እንደዚያ አይደለም። ፍጻሜውስ አቻ ሲሆን?

በአሁኑ ደንብ አቻ ከሆነ ዋንጫውን ሁለቱም ይካፈላሉ። ዶክተር የሚወዱት ይህንን ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁሉ የምጠላው። ለምን እንደምጠላው ያስረዱኝ፣ ሳያውቁት፣ ራሳቸው ናቸው።

በየካቲት 2017 ዓ.ም. ነው። በሕንድ ክፍለ አገሮች መካከል የሚደረገው የራንጂ ዋንጫ የመጨረሻ ምዕራፍ ላይ ነበር። ጥሎ ማለፍ ነው፤ ጨዋታው አቻ ካለቀ በመጀመሪያው ዙር ብልጫ ያገኘ ቡድን ያልፋል። ኬረላ የፍጻሜ ወግ ደርሷት አያውቅም። በሩብ ፍጻሜ ጃሙና ካሽሚር 280 መቱ፣ ኬረላ 281። በአንድ ረን አለፉ። የዶክተር ድምፅ በቴሌግራም ሲመጣ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ግማሽ ፍጻሜው ከጉጃራት ጋር፣ አሕመዳባድ ላይ። ኬረላ ከሁለት ቀን በላይ መታ፣ 457። ጉጃራት ቀስ እያለ ተጠጋ። አምስተኛው ቀን ጠዋት 455 ደርሶ የቀረው አንድ ዊኬት ነው። እኔ ክፍል ገብቼ ለማስተማር በር ላይ ቆሜ ስልኬን እያየሁ ነው። የመጨረሻው መቺ ኳሷን በሙሉ ጉልበቱ ላጋት። ከፊቱ ጥቂት እርምጃ ላይ ጎንበስ ብሎ የቆመ የኬረላ ልጅ የራስ ቁር ላይ አርፋ ወደ ሰማይ ነጠረች፣ ዞራ ወርዳ የካፒቴኑ እጅ ውስጥ ገባች። በሁለት ረን። ቪዲዮውን ስንቴ እንዳየሁት አልቆጠርኩም፤ ኳሷ አየር ላይ ሳለች ቁሩ የተመታበት ልጅ ምን እንደሆነ ገና አላወቀም፣ ከኋላው ያሉት ግን እየሮጡ ነው።

ከዚያስ? ጨዋታው አላለቀም እኮ። ኬረላ ሁለተኛ ዙሩን ገብቶ ቀኑ እስኪመሽ መታ። ማንም የሚያሸንፍ፣ ማንም የሚሸነፍ የለም። ፍጻሜው ናግፑር ላይ ከቪዳርባ ጋር ሲሆን ነገሩ ተገለበጠ፦ ቪዳርባ 379፣ ኬረላ 342። የኬረላው ካፒቴን 98 ላይ ወጣ። ቪዳርባ ብልጫውን ከያዘ በኋላ የቀረውን አራተኛና አምስተኛ ቀን ሲመታ ዋለ፤ ማሸነፍ አያስፈልገውም ነበር። ዋንጫውን በ37 ረን ብልጫ ወሰደ። ኬረላ ከሩብ ፍጻሜ እስከ ፍጻሜ ሦስት ጨዋታ ተጫውቶ ሦስቱም አቻ ናቸው፤ በሁለቱ አለፈ፣ በአንዱ ወደቀ።

የዚያን ማታ ዶክተር የላኩልኝ መልእክት አጭር ነበር። ተሸነፍን አላሉም። «ሁለት ቀን ሙሉ የሞተ ጨዋታ ተመለከትኩ» ነው ያሉት። እኔም ለብዙ ቀን አሰላሰልኩት። የመጀመሪያ ዙር ብልጫ አቻን ይገድለዋል፤ አሸናፊው አስቀድሞ ታውቋልና ለመታገል ምክንያት የለም። ዋንጫ መካፈልም በሌላ በር ገብቶ ይኸንኑ ያደርጋል፦ አራተኛው ቀን ላይ ሁለቱም ግማሽ ዋንጫ በእጃቸው ነው፣ ሙሉውን ፍለጋ ግማሹን የሚያስይዝ ካፒቴን ስንቱ ነው? ጊዜ ያለ ገደብ ይሰጥ ቢባልም ተሞክሯል። በ1939 ደርባን ላይ እንግሊዝና ደቡብ አፍሪካ ማለቂያ የሌለው ቴስት ጀመሩ፤ ከመጋቢት 3 እስከ መጋቢት 14 ቆዩበት። እንግሊዝ 696 ለማሸነፍ 654 ደርሳ፣ 42 ብቻ ሲቀራት፣ ዝናብ መጣ፤ የአገራቸው መርከብም አይጠብቃቸውም ነበርና አቻ ብለው ተነሡ። ሁሉም ነገር ፀሐይ መጥለቂያ አለው። መርከብ ይሁን ምሽት ልዩነት የለውም።

ያን ጊዜ የመንዙ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። አልነጠቀም።

የእኔ ሐሳብ እንግዲህ ይኸው ነው። መጀመሪያ፣ ዘጠኙም እኩል ቁጥር ያለው ቴስት ይጫወቱ፤ ይህ ካልተስተካከለ ሌላው ሁሉ በአሸዋ ላይ የቆመ ቤት ነው። ቀጥሎ ሁለቱ ምርጦች ለፍጻሜ ይግጠሙ፤ ግን እንደ እኩል አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንደኛ የሆነው ባለቤት ነው፣ ሁለተኛው ሊነጥቅ የመጣ። ነጣቂ ማሸነፍ አለበት። አቻ ከሆነ ዋንጫው ከባለቤቱ አይወጣም። አውስትራሊያዎች በአገር ውስጥ ውድድራቸው፣ በሼፊልድ ሺልድ ፍጻሜ፣ ለብዙ ዓመት በዚህ ኖረዋል። እንግሊዝና አውስትራሊያ የሚፋለሙበት አሽስም እንዲሁ ነው፤ በ2023 ማንቸስተር ላይ እንግሊዝ 592 መትታ አውስትራሊያን አንቃ ይዛ ሳለ አምስተኛውን ቀን ዝናብ ዋጠው፣ አመድ የተባለው ዋንጫም ካለበት አልተነቃነቀም። እንግሊዞች አዘኑ። በደንቡ ግን አልተደናገሩም፤ ከመነሻው ምን እንደሚጠበቅባቸው ያውቁ ነበር።

«ባለቤቱ ለአቻ ብቻ ይጫወታል» ይሉኛል ዶክተር። ይጫወት! አምስት ቀን ሙሉ፣ ማሸነፍ ግዴታው የሆነ ቡድን እያጠቃው ቆሞ መዋል ቴስት ከፈለሰፋቸው ጥበቦች ሁሉ ትልቁ ነው። ናግፑር ላይ የሞተው ጨዋታ የሞተው ቪዳርባ ስለተከላከለ አይደለም፤ ኬረላ በሁለተኛው ዙር አጥቅቶ የሚያተርፈው መንገድ ስለጠበበበት ነው። በእኔ ደንብ ነጣቂው እስከ መጨረሻው ኳስ ተስፋ አለው፣ ባለቤቱም እስከ መጨረሻው ኳስ ሥጋት።

የምወላውለው በሜዳው ጉዳይ ነው። እስካሁን ሦስቱም ፍጻሜ እንግሊዝ አገር ነው የተደረገው፤ እስከ 2031 ያሉትም እዚያው እንዲሆኑ ተወስኗል። የሰኔ የእንግሊዝ ደመና፣ የሚጠማዘዝ ኳስ፣ አረንጓዴ ሜዳ የማንም አይደለም ማለት ይከብደኛል፤ ለአንዱ ቀለብ ለሌላው መርዝ ነው። ፍጻሜው በአንደኛው አገር ይሁን ብዬ ጽፌላቸው ነበር። ዶክተር «ሕንድ አንደኛ ስትሆንስ? በሜዳዋ 12 ዓመት ተከታታይ ግጥሚያ ያልተሸነፈች አገር ላይ ማን ይነጥቃል?» አሉ። መልስ አጣሁ። በ2024 መጸው ኒውዚላንድ ሕንድ ገብታ 3 ለ 0 ስታሸንፍ ግን መልሱን ሜዳ ላይ አገኘሁት። ይቻላል ማለት ነው። ከባድ ነው፤ ሻምፒዮን መሆን ደግሞ መክበድ አለበት።

ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዓርብ። ሎርድስ ላይ ደቡብ አፍሪካና አውስትራሊያ የሦስተኛውን ፍጻሜ ሦስተኛ ቀን ጨርሰዋል። ደቡብ አፍሪካ ለማሸነፍ 282 ተፈልጎባት 2 መቺ ብቻ ወጥቶባት 213 ደርሳለች፤ 69 ቀርቷታል። ካፒቴኑ ባቩማ የጭኑ ጅማት ተጎድቶ እያነከሰ ይሮጣል፣ ማርክራም መቶውን አልፏል። ደብረ ብርሃን ላይ ምሽት ሁለት ሰዓት አልፏል፣ ቆርቆሮው ላይ ካፊያ አለ፣ ጋቢ ደርቤ ስልኬ ላይ አቀርቅሬያለሁ። የዶክተር መልእክት ገባ፦ «የቀሩት ሁለት ቀናትም፣ የመጠባበቂያው ቀንም ሙሉ በሙሉ ቢዘንቡ?»

ወዲያው መለስኩ። በአሁኑ ደንብ ይካፈላሉ፣ በእኔ ደንብ ደቡብ አፍሪካ፤ አንደኛ የነበረችው እሷ ናት።

«ይኼማ ቀላል ነው። 69 የቀራት አውስትራሊያ ብትሆንስ? ስምንት ዊኬት በእጇ ይዛ፣ ደጃፉ ላይ ቆማ?»

ለዚህ ወዲያው አልመለስኩም። መብራቱን አጥፍቼ ተኛሁ። የአጎቴ ልጅ ታየኝ፤ ሩሯ ዱላው ላይ፣ ግቡ እዚያው ፊት ለፊቱ፣ የሽማግሌው እጅ ወደ ላይ ሲነሣ። ያኔ ያለቀሰውን ልጅ ዛሬም እወደዋለሁ፤ ልክ ነበርክ ግን አልለውም። ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ሳልቀምስ ጻፍኩላቸው፦ «ያኔም ደቡብ አፍሪካ።»

ዝናቡ አልመጣም። ባቩማ በ66 ወጣ፣ ማርክራም 136 ደርሶ ሊያበቃ 6 ረን ሲቀር ተያዘ፣ ደቡብ አፍሪካ በ5 ዊኬት አሸነፈች። የዶክተር መልስ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው። «አላሳመንከኝም» ይላል መጀመሪያው። ከዚያ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ስለ ማርክራም ነገሩኝ።